የገመቹ ዶቅዶቄና የቡሬ መንገድ

ሞተር ሳይክል ሲጮህ ሰው ጆሮውን ይይዛል አይደል? እኔ የምይዘው ልቤን ነው። ምን ላድርግ፣ የመቱ ልጅ ነኛ! የዛሬ ጎረምሶች የሞተራቸውን ጭስ ማውጫ ቆርጠው ሰፈሩን ሲያናውጡት ጎረቤቶቼ ይራገማሉ። እኔ አልራገምም። «ዛሬ ደግሞ የማን ይሆን?» እላለሁ። ባለቤቴ «የማን ምን?» ትለኛለች። እሷ የጅማ ሰው ናት፣ አታውቅም። እናንተም አታውቁም። ጠጋ በሉና ላውራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ሱቄ መቱ፣ ከቡና መፈልፈያው ፊት ለፊት። የመፈልፈያውን ሞተር የሚጠብቀው ሰው ገመቹ ይባላል። ገመቹ በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው። አባቱ ይህን ስም ያወጡለት ከስንት ሴት ልጅ በኋላ ስለመጣላቸው ነው አሉ። እውነትም ደስ የሚል ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ሁልጊዜ በዘይት የጠቆረ። ሰላም ስትሉት እጁን ደብቆ ክርኑን ነው የሚሰጣችሁ። እኔ መቼም ጣቶቹን ጨብጬ የማውቅ አይመስለኝም።

ይህ ሰው ፍቅር ያዘው። ፍቅር መያዙ አልነበረም ችግሩ፤ የተያዘባት ልጅ የቡሬ፣ ያችው ከጎሬ ማዶ ያለችው የኛይቱ ቡሬ ሰው መሆኗ ነው እንጂ። ልጅቷ አስካለ ትባላለች። ታላቅ እህቷ ወርቄ መቱ ተድራ የኔ ጎረቤት ነበረች። እናታቸው አስካለን ወልደው ብዙም አልቆዩ፤ ወርቄ ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት። ስለዚህ አስካለ እህቷን በስሟ አትጠራትም፤ «እማ» ነው የምትላት። እሷን ልትጠይቅ መቱ መጥታ ነው ገመቹ ያያት። ሽማግሌ ተላከ፣ አባትየው አቶ ተሰማ እሺ አሉ፣ ቀለበት ታሰረ። ሰርጉ ለጥር ተባለ።

እስከ ጥር ግን ማን ይጠብቃል? ገመቹ እሑድ እሑድ ቡሬ መሄድ አማረው። ከአንድ ግሪክ ነጋዴ አሮጌ ዶቅዶቄ ገዛ። ያቺን ጎማዋ ትንሽ፣ ፊቷ ሰፊ፣ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ወንበር የምትቀመጥባትን ዓይነት። ለሜዳ ጥሩ ናት። ኢሉባቦር ግን ሜዳውን ማን አየው! ከመቱ ወጥታ የጎሬን ዳገት ስትጀምር ትንፋሽ ያጥራታል። ገመቹ ወርዶ ይገፋታል። ማን ማንን እንደሚጭን አይታወቅም። አንድ ቀን ማር የጫነ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደረሱበት። ደርሰውም አልቀሩ፣ አለፉት። ዞር ብለው «ሱታ ኮቱ» አሉት፤ ቀስ ብለህ ና ማለታቸው ነው። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ አልገባውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላው ከረመ።

ቡሬ ደርሶ ላቡን ሳይጠርግ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ከአስካለ ጋር የሚጫወተው ወጡ እስኪቀርብ ድረስ ብቻ ነው። ወጡ ሲቀርብ አቶ ተሰማም ይቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው የቡና ዋጋ ነው።

«በቃ፣ ላፈጥናት ነው» አለኝ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሞ። «ሞተር እንደ ሰው ነው፤ የሚያስኬደው ትንፋሽ ነው። የዚህች ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ በአንድ ቀዳዳ ይገባል፣ ጭሱ በሌላው ይወጣል። ሲሠሯት ቀዳዳዎቹን ጠበብ ያደረጉባት ቀስ ብላ ብዙ እንድትኖር ነው። እኔ አሰፋላታለሁ።»

«ቀስ ብላ ብዙ ብትኖር ምናለበት?» አልኩት።

«አንተማ እጮኛ የለህ!» አለኝ።

ፈታታት። በቀጭን ክብ ሞረድ የሲሊንደሯን ቀዳዳዎች ከሥራ መልስ ቁጭ ብሎ መሞረድ ጀመረ። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ከሲሊንደሩ ላይ የሚከደነውን ብረት ደግሞ መስታወት ላይ ባነጠፈው ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ፈግፍጎ አሳነሰው፤ እሳቱ በጠባብ ቦታ ሲነሳ ጉልበት ይሆናል አለኝ። ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አሰፋ። የጭስ ማውጫዋን ሆድ ዕቃ ጎልጉሎ ጣለው። የመጀመሪያው ቀን ከከተማ ሳትወጣ ፒስተኗ ቀልጦ ተጣበቀ። መፈልፈያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁበት። ሌላ ፒስተን ከአዲስ አበባ በአውቶብስ እስኪመጣለት እንደ ሐዘንተኛ አቀርቅሮ ከረመ። ሲመጣለት ዘይቱን ጨመር፣ ነዳጁን ጨመር አደረገና አስነሳት።

ወገኖቼ፣ ያቺ ዶቅ ዶቅ ስትል የኖረች ዕቃ ጮኸች! ንብ ሰብስባችሁ ቆርቆሮ ውስጥ ብትዘጉባቸው እንዲያ ነው የሚሉት። የጎሬን ዳገት እየዘፈነ ወጣው። አውቶብሱን ሲቀድመው ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አማተበ አሉ። ቡሬ የሚገባው ገና ጤዛው ሳይደርቅ ሆነ። አስካለም ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ ፀጉሯን ለማበጠር ጊዜ ታገኛለች። ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር፤ ሰው ባይሞት።

ሰው ግን ይሞታል። አንድ ማለዳ የዕድራችን ዳኛ ጋሼ ወልዴ ገመቹ ቤት መጡ። አንድ ጎረቤታችን አርፈዋል፤ ልጃቸው ኖፓ ከሚባለው አገር ናት ያለችው። ስልክ የለም፣ አውቶብስ የለም፣ ቀብር ደግሞ ከዛሬ አያልፍም። «ልጄ፣ ካንተ ሌላ ማን ይደርሳል?» አሉት። ሄደ። እንደ ወጉ ለራሷ ለሐዘንተኛዋ አልነገረም፤ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገረ፣ እነሱ አረዷት። ገመቹ ከኋላው አስቀምጧት ልጅቷ ለአባቷ አፈር ደረሰች። መቱ ገመቹን መረቀ። እንዲህ ያለ ምርቃት በሕይወቴ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይተወው? ያዮ ለሚባለው አገር መርዶ ሲኖር ገመቹ፣ ለቡሬ መርዶ ሲኖር ገመቹ። እምቢ ማለት አያውቅም። እምቢስ እንዴት ይባላል? ብቻ አገሩ ድምፁን ለመደው። በለመደው መጠን ፈራው። አንድ ጊዜ ለሰርጉ ጠጅ የሚሆን ማር ሊገዛ ኖፓ ሄደ። ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ሦስት ቤት ለቅሶ ተነሥቷል። «ኧረ ማንም አልሞተም! ማር ፈልጌ ነው!» እያለ በየደጁ ዞረ። ሁለቱ ቤት ዝም አለ። በሦስተኛው ያሉ አንዲት እናት ግን እምቢ አሉ። «ከጀመርኩ አይቀር አምና የሞተውን ባሌን ላልቅስ» ብለው ቀጠሉ። ገመቹ ምን ያድርግ? አብሯቸው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማሩን ሳይገዛ ተመለሰ።

ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ቡሬ የሆነው ግን አላሳቀውም። እሑድ አስካለን ሊጠይቃት ሲገባ አንዲት ጎረቤቷ ደንግጣ እንስራዋን ከጀርባዋ ጣለች፤ ተሰበረ። አስካለ ያን ቀን ፀጉሯን አላበጠረችም። «ገመቹ፣ እኔም እኮ እሸበራለሁ» አለችው። «መጣ ብዬ ልደሰት ስል ማን ሞተ እላለሁ። እባክህ በሞተር አትምጣብኝ።»

ዶቅዶቄዋን ዝም ሊያሰኛት ሞከረ። ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ሽቦ ጠቀጠቀ፣ ጨርቅ ጠቀጠቀ። ድምጿ ቀነሰ እንጂ ያው ራሷ ናት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተሞረደ ብረትም አይመለስም። ቃል ገባላትና ዶቅዶቄዋን መፈልፈያው ውስጥ አቆማት። ቡሬ በአውቶብስ መሄድ ጀመረ፤ እንደ ድሮው ወጥ ሲቀርብ ይደርሳል።

ሰርጉ ሲቃረብ ወርቄ ልጅ ልትወልድ ተኛች። አዋላጆች ገቡ። ሊነጋጋ ሲል ከጎረቤት ያ የለቅሶ ጩኸት ተሰማ። ወርቄም ሄደች፣ ሕፃኑም ተከተላት። ነግቶ ጋሼ ወልዴ ከገመቹ ፊት ቆሙ፤ እኔም ነበርኩ።

«ሌላ ሰው የለም ወይ ጋሼ?» አላቸው ገመቹ።

«ማን አለ ልጄ? አስካለ ሳታያት እህቷ ትቀበር?»

ገመቹ ሄዶ ዶቅዶቄዋን አወጣት።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ። ቡሬ ከመግባቱ በፊት ዳገቱ ራስ ላይ ሞተሩን አጠፋ። ቃሉን አስቦ፣ እንዳትሸበርበት። ቁልቁለቱን ያለ ድምፅ ተንሸራትቶ ወረደ፣ ዶቅዶቄዋን ዛፍ ሥር ደብቆ በእግሩ ገባ። መጀመሪያ የሄደው ከአስካለ ጎረቤት ከእትዬ በላይነሽ ዘንድ ነው። እትዬ በላይነሽ ሰምተው ደረታቸውን ያዙ። «አባቷ ቡና ለቀማ ናቸው፤ እሳቸውንና ሽማግሌዎቹን ላሰባስብ። ወሬው ከሌላ አፍ እንዳይደርሳት አንተ ግባና አጫውታት» አሉት።

ገባ። አስካለ ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር። በእግሩ ስታየው ፊቷ በራ። «አውቶብሱ ዛሬ ማልዶ መጣ?» አለችው።

«አዎ» አላት።

ወንበር አወጣችለት። ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ እያደረቀች ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እማስ የልብሴን ጨርቅ መረጠች?»

መርጣለች። ጨርቁ እኔ ሱቅ ነበር። «መርጣለች» አላት።

«ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ።»

አስካለ ሳቀች። «ወይ ገመቹ! የሙሽራ ልብስ ጥቁር አለ እንዴ?» አለችው። እየደጋገመች ሳቀች። እሱም ሳቀ። «ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ፤ ግን ስቄያለሁ» ነው ያለኝ። ወጉ እንዲያ ነዋ! መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፣ እጮኛማ ጭራሽ።

ኋላ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አስካለ እነሱን አላየቻቸውም። ያየችው ገመቹን ነው።

አቶ ተሰማ በቡና መኪና ተከተሉ። እሷ ከገመቹ ኋላ ተቀመጠች። ዶቅዶቄዋ እንደዚያን ቀን ሄዳ አታውቅም። የጠቀጠቀው ጨርቅ እየነደደ በመንገድ ላይ ረገፈ። ጀርባው በእንባዋ ራሰ።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመናል። ካህናቱ ጨርሰዋል፣ ጋሼ ወልዴ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» እያሉ ይለምናሉ። ያን ጊዜ ያ ድምፅ ከሩቅ መጣ። መቱ ያንን ድምፅ ሰምቶ እፎይ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አስካለ ለእህቷ ደረሰች። ተመስገን ነው፤ ላይችል አይሰጥም ይባላል። እኔ እንጃ።

የአርባው ዕለት አስካለ ሱቄ መጣች፤ ጨርቁን መልሼ እንድሸጠው ልትነግረኝ። ገመቹ እዚያው ነበር። ልወጣላቸው ብድግ ስል «ተቀመጥ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ወደሱ ዞረች።

«በአንተ አልፈርድም ገመቹ። በሞተር አትምጣብኝ ያልኩህ እኔው ነኝ። ግን ሞተርህን ብታስጮህ ኖሮ ከሩቅ ሰምቼ ለቅሶዬን እጀምር ነበር። እማ ተገንዛ ተኝታ እኔ ቁጭ ብዬ ስለ ልብስ ሳቅኩ። አሁን አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ሳቄ ነው የሚሰማኝ።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ አስካለ? ወጉ አይፈቅድም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «አውቃለሁ።»

ሰርጉ ለዓመቱ ተዝካር ማግሥት ተባለ። ተዝካሩ ወጣ፤ የሰርግ ነገር ያነሣ ግን የለም። ቀለበቱ በሽማግሌ ተመለሰ፤ ክርክር የለ፣ ጠብ የለ። ገመቹ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ የቀረውን ሽቦ ነቅሎ ጣለ። ከዚያ ወዲያ መርዶ ይዞ ሲሄድ ከመንደሩ ጀምሮ ያስጮሃታል። አንዳንዱ ጨካኝ አለው። እኔ አላልኩም።

አስካለ ኋላ ቡሬ ላይ አንድ አስተማሪ አገባች። ድግሱ በችኮላ ነበር፤ ዘመዶቿ ያዮም አሉ፣ ኖፓም አሉ፣ መቱም አሉ። ጥሪውን ማን ያድርስ ሲባል አንዱ ሳያስብ «ገመቹ አለ አይደል?» አለ። ሁሉም ጎሸሙት። በእግር የሚሄድ ሰው ተላከ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ከተጠራው ሰው ግማሹ የደረሰው ዳሱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ለቀብር አንድም ሳይቀር የሚደርስ ዘመድ ለሰርግ ዘግይቶ መጣ።

ይህን ለገመቹ ያወራሁለት እኔ ነኝ፤ ይስቃል ብዬ። አልሳቀም። ሱቄ በር ላይ ተደግፎ መንገዱን እያየ፣ «ቢነግሩኝ እኮ አደርስላቸው ነበር» አለኝ።