ሮክ በእድር ድንኳን

ላስታ ውስጥ የማይጠየቅ ነገር የለም። እንግዳ ሰው ከመኪና ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማግባት አለማግባቱን፣ ካላገባም ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይጠየቃል። እኔ ራሴ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝና በዚህ ሙያ የበሰልኩ ነኝ፤ ቱሪስቶቹ ስለ ነገሥታቱ ሲጠይቁኝ እኔ ስለ ትዳራቸው እጠይቃቸዋለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አለች፣ ደፋር ነኝ ባይ ሁሉ የሚፈራት። ልቅሶ ቤት ገብቶ «የሞተው ማን ነው?» ማለት። ይህን የሚጠይቅ ወይ ባዳ ነው ወይ ለጎረቤቱ ግድ የሌለው ነው። ታዲያ ያላወቀ ሰው ምን ያደርጋል? ገብቶ ይቀመጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አልቃሿ ስም እስክትጠራም ይጠብቃል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ የሮክ ባንዳችንን ለጥቂት ልትቀብረው የነበረችው እሷ ናትና።

አዎ፣ ሮክ ብያለሁ። ላሊበላ ላይ ሮክ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቤተ ክርስቲያኖቹን ነው፤ አባቶቻችን ድንጋዩን ፈልፍለው ጨርሰው ለእኛ ጩኸቱን ብቻ ቢተውልን ምን እናድርግ? ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ታምሩ ድራም ይመታል፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ ብሩክ ደግሞ ጊታር ይጫወታል፤ በተጨማሪም መሥራች፣ ዜማ ደራሲ፣ ሊቀ መንበርና ዋና ተቆጪ ነው። አምና በአካባቢያችን ኮሌጆች እየዞርን ኮንሰርት እናሳያለን ብለን ተነሳን። የታላላቅ ከተሞች ባንዶች ጉዟቸውን የሚያወጡት በአዳራሽና በአውሮፕላን ነው አሉ። እኛ ያወጣነው በባሕረ ሐሳብ ነው። በጽጌ ጾም ብትዘፍን እናትህ ታዝንብሃለች፤ በነቢያት ጾም ብትዘፍን አገር ያዝንብሃል። ስለዚህ በኅዳር፣ ከቁስቋም በኋላ ከነቢያት ጾም በፊት ባለችው ጠባብ ፍስክ ውስጥ ላሊበላን፣ ሙጃንና ኩልመስክን ሸጎጥናቸው።

ላሊበላ ላይ ተማሪው እጁን አጣምሮ፣ እንደሚያስቀድስ ሰው ቀጥ ብሎ አዳመጠን። አንድ ሰው እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም። በኋላ አንዱን ጓደኛዬን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ልትወድቅ መስሎኝ ስጸልይልህ ነበር አለኝ። ሙጃ ደግሞ ባሰ። የሙጃን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳልኝም፤ ታዳሚው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል፣ ቢያጨበጭብም እጁ ጋቢው ውስጥ ስለሆነ አይሰማም። እያንዳንዱን ዘፈን ጨርሰን የምንሰማው የነፋሱን ድምፅ ነበር። በዚያ ላይ ታምሩ በፈጣኑ ዘፈን እንጀምር፣ ብሩክ በዝግተኛው እንጀምር እያሉ መድረኩ ላይ ሲከራከሩ፣ አንዴ እንዲያውም አንዱ አንዱን ሌላው ሌላውን ጀምረው፣ እኔ መሐል ሆኜ የሁለቱንም ግጥም በየተራ ዘፈንኩ። ከሁሉ ይልቅ የተጨበጨበልን ለዚያ ይመስለኛል።

ወደ ኩልመስክ በአይሱዙ ጀርባ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንጓዝ፣ ብሩክ ማርከሩን አውጥቶ የዘፈኖቹን ተራ በካርቶን ላይ ጻፈ። አንደኛ «አልጋህ ባዶ ነው»፣ ቀጥሎ «ሲግናል ፍለጋ»፣ እያለ ወረደ። ሰማይ ቢወድቅ ከዚህ ንቅንቅ የለም፣ የተዋረድነው ሥርዓት ስላልነበረን ነው አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደሴ ላይ የቢሮ ሥራ እንደተገኘለት ነገረን። ኩልመስክ ላይም ሰው ከወንበሩ ካልተነሳ ሰኞ ደሴ እንደሚገባና ጊታሩን ለአክስቱ ልጅ እንደሚሰጥ ቁርጡን ተናገረ። የአክስቱን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ልብስ ነው የሚሰቅልበት። እውነቱን ልናገር፣ ያለ ብሩክ ባንድ የለም፤ ያለ ባንዱ ደግሞ እኔ እስክሸብት «እባክዎ ጫማዎን እዚህ ያውልቁ» እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ።

ኩልመስክ ስንደርስ የኮሌጁ አዳራሽ ጣሪያው ለጥገና ተገልጧል። የተማሪዎቹ ተወካይ፣ ይመር የሚባል ቀልጣፋ ልጅ፣ አብሽሩ አለን፤ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ከንብረት ያዡ ተውሶ ግቢው ውስጥ አስተክሎልናል። ንብረት ያዡ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጥቶት እህሉን ሊያጭድ ወደ ማሳው ወርዷል። ጎበዝ! አልነው። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ፣ ሁላችንም የወሎ ልጆች ሆነን ሳለ፣ ሠርግ በጥር መሆኑንና በኅዳር የእድር ድንኳን ከተተከለ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብንም። ሮክ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

በኋላ እንደሰማሁት ድንኳኑን መጀመሪያ ያዩት የእድሩ ዳኛ አያ ደምሴ ናቸው። ደነገጡ። ሰው ሞቶ፣ ድንኳን ወጥቶ፣ ለዳኛው ያልተነገረበት ዘመን መጣ? አልሰማሁም ብለው ቢጠይቁ መሳቂያ ሊሆኑ ነው። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቁ፣ የሰሙ መስለው፣ ጥሩምባ ነፊውን ጠርተው ንፋ አሉት። እሱም ማን ብዬ ልንፋ ብሎ ዳኛውን አይጠይቅ ነገር! «ድንኳኑ ኮሌጅ ግቢ ነው፣ ያልሰማህ ስማ!» እያለ ከተማውን ዞረ። አገሬው ማጭዱን እየጣለ ግልብጥ ብሎ መጣ።

እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ገመድ እንቀጣጥላለን። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ገብተው እጄን ያዙና፣ «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉኝ። የሙጃው ውርደት ወሬው ቀድሞን ደርሶ የሚያጽናኑን መሰለኝና ከልቤ አመሰገንኳቸው። «ከባድ ነው አባቴ፣ ግን እንለምደዋለን» አልኳቸው። እንባቸው መጣ። ብሩክ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ተማሪዎቹም እየመጡ አዛውንቶቹ ጸጥ ማለታቸውን ሲያዩ እነሱም ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። «አየህ፣ ሙዚቃ የሚያከብር ሕዝብ!» አለኝ።

በዝርዝሩ መሠረት በ«አልጋህ ባዶ ነው» ጀመርን። ዘፈኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ወደ ወልድያ ኮሌጅ ሲዛወር ብርድ ልብሴን ይዞብኝ ስለሄደ በንዴት የጻፍኩት ነው። ብሩክ ጊታሩን ቀስ አድርጎ ሲያስለቅሰው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «አልጋህ ባዶ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ቀረ» ብዬ ገባሁ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት እህህ አለች። «ብርድ ልብሴን ለብሰህ፣ ላትመለስ ሄድክ» ስል ድንኳኑ በልቅሶ ተናወጠ። ይመር እንኳ፣ ኮንሰርቱን ራሱ ያዘጋጀው ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አይቶ አንድ ያልተነገረው ነገር እንዳለ ገምቶ ያነባል። ብሩክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በቃ፣ ሮክ ገባቸው» አለኝ። የሱም ዓይን እንባ አቅርሯል።

ያኔ እትዬ ዘርፌ ተነሱ። የአገሩ አልቃሽ ናቸው፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ሟች እንዳልሞተ ይቆጠራል ይባላል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ በጊታሩ ላይ እንዲህ ብለው አወረዱ፦

«አልጋውን ባዶ አርጎ፣ ቁልፉን ለኛ ሰጥቶ፣
ከየት ይገባ ይሆን፣ ሲመለስ አምሽቶ።»

ብሩክ ተከተላቸው። እሳቸው ዝቅ ሲሉ ጊታሩ ዝቅ ይላል፣ እሳቸው ሲጮኹ ይጮኻል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም፤ የገዛ ብርድ ልብሴ ጉዳይ መሆኑን ረስቼ እኔም አለቀስኩ። ዓይኔን ስጠርግ ግን አየሁ። የሴቱ ሁሉ ነጠላ ዝቅዝቅ ነው። ከበሩ አጠገብ በሰፌድ ሙሉ ንፍሮ ተቀምጧል። ለካ ልቅሶ ላይ ነን። ዞሬ ለታምሩ በእጄ፣ በቅንድቤ፣ በመላ ሰውነቴ አቁም አልኩት። እሱ ግን ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ተክሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ሲግናል ፍለጋ» ቀጣዩ ነው፣ ሰማይ ቢወድቅ ንቅንቅ የለም ተብሏል፣ ስለዚህ ባለ በሌለ ኃይሉ ድራሙን ነረተው።

ልቅሶው ቀጥ አለ። ታምሩም ብቻውን ጥቂት ከነጎደ በኋላ ቀና ብሎ አየና እጁ አየር ላይ ቀረ። አያ ደምሴ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ? መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩ፣ በመጨረሻ ያቺን የማትጠየቅ ጥያቄ ጠየቁ። «ልጆቼ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሟች ማን ነው?»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ለካ ሁሉም ይህንኑ ሊጠይቅ ፈልጎ ነው የተቀመጠው! ብሩክን አየሁት፤ ገርጥቶ ጊታሩን ከአንገቱ ሊያወልቅ ማንገቻውን ይዟል። ሰኞ ሳይደርስ በልቡ ደሴ ገብቷል። ማይኩን አነሳሁና፣ «ማንም አልሞተም፣ አባቴ። ይቅርታ አድርጉልን፣ ኮንሰርት ነው» አልኩ።

እትዬ ዘርፌ ገና አልተቀመጡም ነበር። ማንም? አሉኝ። ማንም አልኳቸው። ከተማሪዎቹም? ከተማሪዎቹም። አልጋው ባዶ የሆነውስ ልጅ? ወልድያ ነው፣ ደኅና ነው፣ ብርድ ልብሴንም እስካሁን ለብሶታል። ዱላው በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ እያሰላሁ ሳለ፣ እትዬ ዘርፌ ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀና ብለው አዩት። «ይኸ ድንኳን በነዚህ ዓመታት ለስንቱ ልጅ ቆመ» አሉ። «ሟች አጥቶ ሲቆም ዛሬ ገና አየሁት።» ነጠላቸውን አዙረው እንደ ደንቡ ለበሱና ታምሩ ላይ ጮኹበት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ አንተ? ማንም አልሞተም እያለህ! ምታው እንጂ!»

ታምሩ መታው። እትዬ ዘርፌ ትከሻቸውን ለቀቁት፣ ሴቱ እልል አለ፣ ተማሪው ከተቀመጠበት ፈነዳ። አያ ደምሴ ለክብራቸው ያህል ጥቂት ቆዩና፣ ሟች እንዳላመለጣቸው ካረጋገጡ በኋላ፣ ዱላቸውን ወደ ሰማይ እየሰበቁ ገቡበት። የብሩክ ማንገቻ ተመልሶ ትከሻው ላይ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን በዓይኑ ሲቃኝ አየሁት፤ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ጋቢና ነጠላ ብቻ ተከምሮባቸዋል። «ሲግናል ፍለጋ»ን እየደጋገምን ተጫወትነው፣ ንፍሮውንም በላነው። ሲመሽ አያ ደምሴ ጠርተው፣ ሌላ ጊዜ ስትመጡ ቀድማችሁ ለዳኛው ንገሩ ብለው ገሠጹን። ሌላ ጊዜ ማለታቸውን ልብ በሉልኝ።

ሰኞ ደሴ የሄደ ሰው የለም። የአክስቱ ልጅም ልብሱን ሌላ ቦታ ይሰቅላል። ከዚያ ወዲህ የትም ብንሄድ በብሩክ ዝርዝር አናት ላይ፣ ከዘፈኖቹ ሁሉ በፊት፣ «ማንም አልሞተም» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ማይኩን ይዤ ይህንኑ አስታውቃለሁ፤ ሕዝቡም ገና አንድ ክር ሳይነካ በእልልታ ከወንበሩ ይነሳል። ብሩክን የሚያናድደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን ለፍቶ ከደረሳቸው ዜማዎች ሁሉ እንደዚህች ዜማ አልባ ማስታወቂያ የተወደደ የለም።