የተቆለፈው ደንብና ክፍቱ ዝርዝር

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት አበው ኮምፒዩተር አላዩም። ወረቀት ላይ የተሰረዘ ስም ከጭረቱ ሥር ሆኖም ይነበባል፤ ኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ግን እናት የወለደችውም አይመስል። ይህን ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በዚያ የሥልጠናና የግምገማ ዘመን ቡታጅራ ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋር በደንብ ከተዋወቁት ጥቂት መምህራን አንዱ ነበርኩ፤ ጉራ አይሁንብኝና፣ አንደኛው።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነበርኩ። ደንባችን በየስብሰባው ሲነካካ የሚኖር ነው፤ አንዱ «ይህቺን ቃል ትንሽ ላሻሽላት» ይላል፣ ሌላው አንቀጽ ይጨምራል። ሲሰለቸኝ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ደንቡን በይለፍ ቃል ቆለፍኩት። ማንበብ እንጂ መንካት የለም። ከሥሩ ያለውን የአባላት ስም ዝርዝር ብቻ ክፍት ተውኩት፤ ሊቀመንበራችን ጋሽ ከድር በሁለት ጣት እየለቀሙም ቢሆን እንዲሞሉበት። «እዚህ እንደ ልብዎ ይጻፉ፤ የሞተውን ያውጡ፣ የመጣውን ያስገቡ» አልኳቸው። ደንቡን ሊነኩ ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው። «ማሻ አላህ!» አሉ። ኮራሁ። እናንተስ ብትሆኑ አትኮሩም?

ከአባላቱ አንዱ ጋሽ ሸረፋ የሞቱ ጊዜ ጋሽ ከድር እንደተባሉት አደረጉ፤ ሰውየውን አወጡ። በእድራችን ቤተሰብ የሚመዘገበው በአባወራው ስም ነውና ሚስታቸው እትዬ ዘይነባም አብረው ወጡ። ማንም ልብ አላለም። ከወራት በኋላ የእትዬ ዘይነባ እናት አረፉ። ለቀስተኛው ከመስቃን ገጠር ሁሉ ይጎርፋል፣ ሰማዩ ያጉረመርማል፤ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ግን ከኮምፒዩተር የወጣውን አዲሱን ዝርዝር በጣቱ እየተከተለ «ስማቸው የለም። ስሙ ለሌለ ድንኳን አይወጣም» ብሎ ድርቅ አለ።

ደንቡን ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩ። አንቀጽ ሰባት «ባል ሲሞት ሚስት በቦታው ትተካለች» ይላል፤ አንድ ፊደል አልተነካም። ዕቃ ጠባቂው ረጋ ብሎ አነበበው።

«ደንቡማ አለ» አለኝ። «የሌሉት እሳቸው ናቸው።»

በመጨረሻ ጋሽ ከድር ራሳቸው ቁልፉን ከእጁ ነጥቀው ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ድንኳኑ የቆመው ግን ለቀስተኛው በዝናብ ከራሰ በኋላ ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። በራሳቸው ስም እንደመዘገብኳቸው፣ ዝርዝሩንም ሳይቀር እንደቆለፍኩት ነገርኳቸው። «ከእንግዲህ ያለ እኔ ማንም አይነካዎትም» አልኩ፤ ኩራት ቶሎ አይለቅም።

«መቆለፉን ቆልፈው፤» አሉኝ፣ «ግን በየስብሰባው ጮክ ብለህ አንብበው። እኛም ጆሮ አለን።»

በቀጣዩ ስብሰባ ከላይ እስከ ታች፣ ድምፄን ሞቅ አድርጌ አነበብኩ። የሁሉም ስም ተጠራ፤ ማንም አልጎደለም። ወረቀቱን ላጥፍ ስል እትዬ ዘይነባ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ አንተስ?»

ዝርዝሩን ደግሜ አየሁት። የለሁም።