እትዬ አንሱትና ባዶው ወለል

ሁለት ጣቶቿ የሱሪውን ጫፍ ያጥፋሉ፣ አውራ ጣቷ ይጫነዋል፣ ከንፈሮቿ መሃል ሦስት ስፒሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሱሪው ባለቤት «ጫማዬን ትንሽ ሸፈን ያድርግልኝ» ብሏታል፤ እሷም «እሺ» ብላዋለች። እጆቿ ግን እሺ አላሉም። አንድ ጣት ወደ ላይ፣ ደግሞ ሌላ አንድ ጣት፣ ከዚያ ስፒል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የገዛ ቁርጭምጭሚቱን አየና፣

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አላጠረም?» አላት።

«መሬት ከሚጠርግ ቢያጥር ይሻላል» አለችው በስፒሎቹ መሃል። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። በከተማችን ቁርጭምጭሚቱ የተሸፈነ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ልብሱን ሌላ ቦታ አሰፍቷል።

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አስቀማጭና አንሺ። አብዛኞቻችን አስቀማጮች ነን። ቦርሳችንን እግራችን ስር፣ ዣንጥላችንን በር ጥግ ጣል አድርገን እንረሳለን። አንሺዋ በየሰፈሩ አንዲት ብቻ ናት፤ ለሁላችንም ትበቃለች። እናንተም ታውቋታላችሁ። ገና ከመቀመጣችሁ ቦርሳችሁን ብድግ አድርጋ ጭናችሁ ላይ ያኖረችላችሁ፣ ያወለቃችሁትን ጫማ ደግሞ የት እንደሰቀለችው እስክትወጡ ያልነገረቻችሁ ሴት ናት።

የእኛዋ እንዳያችኋት ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ እውነተኛ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ክብርት እትዬ አንሱት፣ የወለሎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ትባላለች፤ በሌለችበት ማለቴ ነው። «አንሱት፣ መሬት ላይ አይሁን» ሳትል የወጣችበት ቤት የለም። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ አብረን ተራ ስንጠብቅ የማታውቃቸውን ሰዎች ዕቃ በሙሉ ከወለሉ ለቀመች። አንድ ሽማግሌ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። ስማቸው ሲጠራ ጫማው መስኮቱ ላይ፣ እሳቸው ወንበሩ ስር ፍለጋ ላይ። መጨረሻው በካልሲ መግባት ሆነ።

የስፌት መኪናዋን በሦስት ረድፍ ብሎኬት ላይ አውጥታዋለች፤ ወንበሯንም እንዲሁ። ከታች ሆናችሁ ስታዩዋት ስብከት ልትጀምር ትመስላለች። ሜትሩን ይዛ ከላይ ወደ እናንተ ታጎነብሳለች፤ የትከሻችሁን ልክ ጥሩ አድርጋ ትወስዳለች፣ የእግራችሁን ልክ ግን ከራሷ ነው የምታመጣው።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ዝቅተኛው መደርደሪያ ከግንባሬ ጋር እኩል ነው። ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ሎንጎ የሚሉት ዓይነት ስለሆነ አይቸገርም። ያገባት ልጅ ግን ከሌላ ከተማ የመጣች፣ አጠር ያለች መምህርት ናት። በገባች ሰሞን የምራትና የአማት ወሬ ከግድግዳው ባሻገር ለእኔም ይደርሰኝ ነበር።

«እማዬ፣ ጨው የት ነው ያለው?»

«እዚያ ላይ።»

«እዚያ ላይ የት?»

«ከስኳሩ በላይ።»

«ስኳሩስ?»

ልጇም፣ «ለዚህ ቤት ሚስት ሳይሆን መሰላል ነበር ማግባት» ይላል። ሚስቱ ለመልስ አትዘገይም፤ «መሰላልማ ያገባሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች።

እንግዳ ሰው ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ ይመስለዋል። አይደለም። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ዝናብ ሳይጥል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከከተማው በላይ ያለው ግድብ ተደረመሰ። የታችኛውን ሰፈር ከነሰዉ ወሰደው። እኛ «ውሃው» እንለዋለን፣ ሌላ ስም አላወጣንለትም። ከዚያ ወዲህ የሱቆቻችን የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ነው። ስልሳ ዓመቴን አልፌ ፊደል ልቆጥር የገባሁ ጊዜ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው መምህራችን «ቦርሳችሁን ታቅፋችሁ እንዴት ትጽፋላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርስ ተያየን። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላትም፤ ውሃው ሲመጣ አልተወለደችም። እሷም ታቅፋለች። ማን አስተማረሽ ብላት ትከሻዋን ሰበቀች።

እኔ በበኩሌ ጤነኛ ነኝ። ዱቄቴን ቁም ሣጥን አናት ላይ የማስቀምጠው ለአይጥ ብዬ ነው። አይጥ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ነገሩ ቀልድነቱ ያበቃው የልጅ ልጅ ሲመጣ ነው። ሕፃኗ ከአልጋ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ጠረጴዛ ስትዘዋወር አሥራ አምስት ወር ሞላት። አልዳኸችም፣ አልቆመችም። እናትየው ሥራ ስትውል አያት ናት ያዢዋ፤ አያት ደግሞ መሬት አታስነካትም። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሟ እግሯን ሳበች፣ አጠፈች፣ ኮረኮረች፤ ከዚያ «ምንም አልጎደላትም፤ የጎደላት ወለል ነው» አለች።

«እማዬ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ነገ እናወርዳታለን።»

«ትናንትም ነገ ብለው ነበር።»

«ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

«ምንጣፍ እናነጥፋለን።»

«ምንጣፍ ውሃ ይመጥጣል።»

«የምን ውሃ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ተነሳ።

በሳምንቱ ምራቲቱ እኔ ቤት መጣች። «እማማ፣ ጠልቻቸው አይደለም» አለችኝ፤ «ግን ልጄ መዳኽ አለባት። ቅዳሜ እናቴ ጋ ይዣት እሄዳለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትራመድ።»

«ከተራመደች በኋላስ?»

ይህን ስትሰማ ልጅቷን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረች። እትዬ አንሱት ያቺን ልጅ ካጣች በዚያ ቤት ሌላ የምታነሳው እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ከሰዓት የማይጠብ ቀሚሴን ጠበበኝ ብዬ ይዤ ሄድኩ። ማወቅ የምወድ አሮጊት ነኝ፤ አንድ ነገር ከገረመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የገረመኝም ይህ ነው። ከውሃው በኋላ በከተማችን ለቅሶ ተራ ነበረው። ሰው የሞተበት ፊት ቆመ፣ ቤት የፈረሰበት ከኋላው። በእትዬ አንሱት ቤት ማንም አልሞተም። ቤቱም አልፈረሰም። «አንቺማ ተርፈሽ» ተብላ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች፤ ተራዋ ሳይደርስ ሰልፉ ተበተነ። ሁላችንም ማን ሞተብሽ፣ ምን ጠፋብሽ ብለን ጠይቀናት «ምንም» ስላለችን ሌላ ጥያቄ ያለ አልመሰለንም።

«ለመሆኑ» አልኳት፣ «ያን ቀን ውሃው የት ድረስ መጣብሽ?»

«የት ድረስ ማለት?»

«እዚህ ቤት ውስጥ። እስከ ምን ደረሰ?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«የተማሪዎች ዩኒፎርም ነበር የምሰፋው» አለች። «ልጄ ጓዳ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፤ ስምንት ወሩ ነው። የመኪናው ድምፅ ሌላ ነገር አያሰማም። መርገጫው ላይ እግሬ ረጠበ። ጀሪካኑ ተደፍቷል አልኩ። እጅጌዋን ልጨርስና እነሳለሁ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጨረስኳት።» ሜትሯን ቀሚሴ ላይ ዘረጋች። «ይህን ታህል ነበር የቀረኝ።» ስንዝር ተኩል ይሆናል። «ስገባ ውሃው ጆሮው ጋ ደርሷል። ገና ውስጥ አልገባም። ተኝቷል እኮ፣ እማማ። አልነቃም።»

«ታዲያ አነሳሽው።»

«አነሳሁት።»

«ምንም አልሆነም።»

«አዎ፣ ሰዉም እንደሱ ይላል» አለች። «የቀረኝ ሁለት ስንዝር ቢሆን ኖሮስ?»

በጣቶቼ ሜትሩ ላይ ሁለት ስንዝር ለካሁ። ቀና ስል ምራቲቱ ልጇን ታቅፋ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፤ ምክር ትጀምራለች ብዬ ደግሞ የበለጠ ፈራሁ። አንዱንም አላደረገችም። መጥታ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ይውረዱ» አለች። «አብረን እንቀመጥ። መኪናው ቆሟል፤ የሚመጣ ነገር ካለ እንሰማዋለን።»

እትዬ አንሱት ከብሎኬቷ ወረደች። ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች፣ መዳፏን ገልብጣ አየች። ደረቅ ነው። ትንሽ ራቅ ብላ ደገመች። አራት ቦታ ዳሰሰች። ከዚያ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረች፤

«አስቀምጪያት።»

ልጅቷ ተቀመጠች። ዙሪያዋን አየች። ወለሉ ላይ ግን አንዲት ነገር የለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲለቀም የኖረ ወለል ነው፣ አዝራር እንኳ አይገኝበትም። ስለዚህ አንድ ጫማዬን አውልቄ ከፊቷ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። የእትዬ አንሱት እጅ ወዲያው ወደ ጫማው ተዘረጋ። አየር ላይ ቆመ። ተመልሶ ጭኗ ላይ አረፈ።

ልጅቷ ወደ ጫማው ተሳበች፣ በአፍንጫዋ ተደፋች፣ ጮኸች። ሦስት ሴቶች ስድስት እጃችንን ይዘን ተቀመጥን። በሦስተኛው ሙከራ የጫማውን ማሰሪያ ጨበጠችና ወደ አፏ ወሰደችው። አላስጣልናትም።

ቅዳሜ የምራቲቱ ሻንጣ ተፈታ። ሎንጎው ልጅ ነገሩ ሲነገረው ጆሮውን ነካ።

አሁን ሕፃኗ ትሮጣለች፤ የሚይዛት ጠፍቷል። እትዬ አንሱት ድናለች ብዬ አልዋሻችሁም። በየማለዳው ወለሉን በመዳፏ ሳትዳስስ ልጅቷን አታወርድም። ትዳስስ። እኔም የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ ስንት ዓመት ከሰፈሩ ጋር ስስቅባት ኖሬ፣ ቤቷ ስሄድ ግን ሻሼንም ከዘራዬንም ሆን ብዬ መሃል ወለሉ ላይ ነው የምጥለው። ስታነሳልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ዕቃዬን እንደሚያስብልኝ አውቄ ሻይ ስጠጣ ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ነው።

እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ምንም አልሆነም» የተባለለት ሰው አጠገባችሁ አይጠፋም። ማን ሞተብህ፣ ምን ጠፋብህ አትበሉት፤ ያንን ጠይቀው ጨርሰውታል። ውሃው የት ድረስ እንደመጣበት ጠይቁት። ስትጠይቁም ቁጭ ብላችሁ ይሁን፣ መንገደኛ ሆኖ ለሚጠይቅ የሚሰጠው መልስ «ደህና ነኝ» ብቻ ነውና። ዝም ቢላችሁም ወሬ አትቀይሩበት፣ ትንሽ ቆዩለት።