ከመቶ ሦስት ያመጡት ሕዋሳት

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡40 (የተጠራው ለ8፡00 ነበር)
ቦታ፦ ሐዋሳ፣ የምርምር ማዕከሉ ስብሰባ ክፍል፤ መስኮቶቹ ዝግ ናቸው
የተገኙ፦
አቶ ኩማ፣ የአስተዳደር ኃላፊ፦ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ደስታነሽ፣ የግዥ ሠራተኛ፦ አባል
ያቤጽ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዘንድሮ ከማታው የመሠረተ ትምህርት ከመቶ 96 አምጥቶ የተመረቀ፦ አባልና ጸሐፊ
ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ተማሪ ሰብለ፣ የሕዋሳቱ ባለቤት

ከሦስት አባላት ሦስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው በጸሎት ከፍተዋል፤ ጸሎቱ የሕዋሳቱንም እስትንፋስ ያካተተ ነበር።

አጀንዳ 1፦ የሕዋሳቱ ኦክስጅን ማነስ

ሰብሳቢው ባለፈው ዓርብ ቤተ ሙከራውን ሲጎበኙ፣ የተማሪ ሰብለ የነርቭ ግንድ ሕዋሳት የሚያድጉበት ሣጥን ላይ «ኦክስጅን 3%» የሚል ማንበባቸውን ገልጸዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ከአየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን እየተነፈሰ የማዕከሉ ሕዋሳት ከመቶ ሦስት ማምጣታቸው አሳፋሪ ነው ብለዋል። ጸሐፊውም በሦስት ማንም ክፍል እንደማያልፍ ከልምዱ አስረድቷል።

ወ/ሮ ደስታነሽ የሣጥኑ በር ገርበብ ተደርጎ የሐይቁ ነፋስ ይግባ ብለዋል። ሰብሳቢው ብርድ ይመታቸዋል በማለት ተቃውመው የራሳቸውን ፎጣ አንገታቸው ላይ አጥብቀዋል።

ተማሪ ሰብለ ሕዋሳቱ ገና አንጎል ለመሆን የሚዘጋጁ መሆናቸውን፣ በትንሽ ኦክስጅን ደህና እንደሚባዙ፣ ሲበዛባቸው ግን ሳይባዙ ቸኩለው ወደ ሌላ ሕዋስ እንደሚለወጡ፣ ብዙዎቹም እንደሚሞቱ፣ አራት ወር የለፋችበት የመመረቂያ ሥራም አብሮ እንደሚቀበር አስረድታለች። ሰብሳቢው አልገባኝም ሲሉ፣ «ጋሼ ኩማ፣ የእርስዎም አንጎል በእናትዎ ማኅፀን የተሠራው በትንሽ ኦክስጅን ነው። መስኮት የከፈተልዎ አልነበረም» ብላለች። ሰብሳቢው የግል ጉዳይ እንዳይነሳ አሳስበዋል። ወ/ሮ ደስታነሽ አራት ልጅ እንደወለዱና ልጅቷ ያለችው እውነት እንደሆነ መስክረው ድምፃቸውን ለሰብሳቢው ሰጥተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ኦክስጅኑ ዛሬውኑ 21 እንዲገባ በሁለት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል (ጸሐፊው እርሳስ እየቀረጸ ነበር)። ተማሪዋ አልቅሳለች። መሐረብ እንዲሰጣት አልተወሰነም።

አጀንዳ 2፦ የትእዛዝ ደብዳቤ

በማዕከሉ ያለ ደብዳቤ አምፖል እንኳ ስለማይቀየር ጸሐፊው እዚያው እንዲጽፍ ታዟል። ፊደል ሲጣደፉበት ያኮርፋል፤ ስለዚህ ተረጋግቶ ጽፏል። በሃያኛው ደቂቃ «ጉዳዩ» የሚለው ቃል ተጠናቋል። ክፍሉ ታፍኖ ወ/ሮ ደስታነሽ አንቀላፍተዋል፤ ሰብሳቢውም ራሳቸውን እንዳመማቸው ተናግረዋል። መስኮት ይከፈት የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ በብርድ ምክንያት ውድቅ ሆኗል።

ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል ተማሪ ሰብለ አንድ መስመር እንዲጨመር በትሕትና ጠይቃለች። ጸሐፊው ጨምሮ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሕዋሳቱ ቢሞቱ ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ኩማ ነኝ።»

ወ/ሮ ደስታነሽ ነቅተዋል። «ኩማ ማነው?» ብለው የጠየቁት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ፊርማው እዚህ ጋ ነው» ብሎ ጸሐፊው በጣቱ አሳይቷል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ውኃ ከጠጡ በኋላ ሦስት በመሠረቱ መጥፎ ቁጥር እንዳልሆነና ይህንኑ ከመጀመሪያው ሲሉ እንደቆዩ ገልጸዋል። ወ/ሮ ደስታነሽም ሰብሳቢው ይህን ሲሉ መስማታቸውን አረጋግጠዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ደብዳቤው እንዲቀደድ፣ ሣጥኑም በሦስቱ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ስብሰባው ከቀኑ 10፡55 አብቅቶ መስኮቱ ተከፍቷል።

ማስታወሻ፦ ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በአርባ ደቂቃ ነው። ያቺ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀችው ለምን እንደሆነ የጠየቀ አባል የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ሣጥኑ በሦስቱ ነበር።

ያቤጽ (ፊርማ)