ገለልተኛው የመኪና ገምጋሚ ኮሚቴ

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለሕዝብ የነበራቸው ፍቅር ወገባቸውን ጎድቶት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ፒክአፕ አንድ ቀን ገጠር ደርሰው ሲመለሱ፣ ሕዝብን ለማገልገል ቅን ልቦና ብቻ እንደማይበቃ፣ ለስላሳ መቀመጫም እንደሚያስፈልግ ተገለጠላቸው። በማግስቱ ያገለገለ የቅንጦት የመስክ መኪና እንዲገዛ፣ ፒክአፑም በልዋጭ እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀመጡ።

መኪናው ግቢ ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጣ፤ ይህን ስንል ሥራ ነበረው ማለታችን አይደለም። ሻጩ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ያ ጥቁር ግርማ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ሲጫናት ይነሳል። ኃላፊው እጅ የነሳቸው መሰላቸውና እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ግን ዓይቶ ብቻ የሚገዛ አልነበረም። ሦስት አባላት ያሉት የአስተማማኝነት ገምጋሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመዝገብ ቤት ኃላፊው ሰብሳቢ ሆኑ፤ በዕድሜያቸው መሪ ጨብጠው ስለማያውቁ ከየትኛውም መኪና ጋር ዝምድናም ጠብም አልነበራቸውም። የሕግ ባለሙያውና የሕዝብ ግንኙነቱ ተከተሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውና ቧንቧ ሲያመላልስ ዶሮ እንኳን ገጭቶ የማያውቀው ሾፌር፣ ከጥንቃቄው ብዛት «ጋሽ ፍሬን» የሚሉት፣ ሳይካተት ቀረ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ ስለ መኪና ስለሚያውቅ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።

ጋሽ ፍሬን ከፋው። የከፋው ለክብሩ ብቻ አልነበረም፤ ፒክአፑ ከሄደ ቧንቧ ማን ሊጭን ነው? መኪናውን ወደ ጥላ አዙር ተብሎ ሲላክ ኮፈኑን ከፈት አድርጎ የዘይቱን መለኪያ መዘዘ፣ በደረቱ ተኝቶ ከሥሩም አየ። ከዚያ በቀጥታ ሰብሳቢው ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ በግራ በኩል ወደ መሬት ቁጭ እያለ ነው።»

«ከመንገድ የመጣ አይደል? ይረፍ እንጂ።»

«ዘይቱም ውሃ ገብቶበታል።»

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። «ታዲያ እኛ የምን መሥሪያ ቤት ነን?»

ኮሚቴው አራት ቀን ሙሉ ገመገመ። የበሮቹ አዘጋግ ድምፅ በየተራ ተደምጦ ዘጠና ሰባት ከመቶ አገኘ። የመቀመጫው ልስላሴ ሲመረመር የሕግ ባለሙያውን እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነጥቡ ሙሉ ሆነ። አስተማማኝነቱንም በተመለከተ እኚሁ ባለሙያ ሲነቁ፣ መኪናው በየትኛውም ፍርድ ቤት ተከሶ እንደማያውቅ አስረዱ። ጋሽ ፍሬን በር ላይ ቆሞ «የውጭ አልጋ፣ የውስጥ ቀጋ» እያለ ቢያጉረመርም፣ ተረት የቴክኒክ ማስረጃ አይደለም ተብሎ ታለፈ።

ቢቸግረው ኃላፊውን ደጅ ጠንቶ አንድ ነገር ለመነ። መኪናው ዳር ካለችው መንደር ደርሶ ይመለስ፤ ከተመለሰ እሱም አፉን ይዘጋል። የዚያች መንደር ፓምፕ ከቆመ ስምንት ወሩ ነበር። መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የኃላፊውን ፊርማ ይጠብቃል፣ ፊርማው ደግሞ የአጣሪ ቡድን ሪፖርት ይጠብቃል። ሦስት ጊዜ ቡድን ተልኮ፣ ሦስቱም ጊዜ ፓምፑ መቆሙን አይቶ፣ ማዘኑን ገልጾ፣ ሌላ ቡድን እንዲላክ አሳስቦ ጥላ ሳይዞር ተመልሷል።

ኃላፊው መቀመጫውን በረጅም መንገድ ሊያጣጥሙት ፈለጉና ከነኮሚቴያቸው ተነሱ። ፒክአፑ በመያዣነት ለሻጩ ተሰጠ። ጋሽ ፍሬንም መጋዘን ጠባቂዋን «ወይ ዕቃውን ወይ ፊርማውን አመጣልሻለሁ» ብሎ መለዋወጫውን ከነቅጹ በአደራ ተቀበለና ከኋላ ጫነው።

መኪናው ዳገቱን እንደ ሙሽራ ተጀንኖ ወጣ። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ኃላፊው ወርደው፣ ጉዳዩ በልዩ ትኩረት እየታየ መሆኑን ለአምስት ደቂቃ አብራርተው፣ ተመልሰው ገቡ። ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ረጅም ትንፋሽ አወጣና በአራቱም ጎማ ዝቅ ብሎ ሆዱን መሬት ላይ አሳረፈ። ቁልፏ ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች። የሕዝብ ግንኙነቱ ወርዶ በእጁ ሊያነሳው ሞከረ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ተነሳና ሞተሩ ጠፋ።

ለሻጩ ተደወለለት። ፒክአፑን እንዲልክላቸው ሲለምኑት በጣም አዘነ፤ ለካ ዕቃ እያመላለሰበት ነው። እንዲህ ያለ የማይበላሽ መኪና በዕድሜው እንዳልገጠመው በአድናቆት ነገራቸው። ወደ መንደሯ የሚመጣ የጭነት መኪና ደግሞ የሚገኘው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ይዘውት የመጡት የታሸገ ውሃ ከቀትር በፊት አለቀ። ኃላፊው ቢጠማቸው አንዲት እናት ከወንዝ የቀዱትን በጣሳ ሰጧቸው። የጣሳው ታች አይታይም።

«ትንሽ ያዝ አድርገው ልጄ፣ ይጠልላል» አሏቸው።

«እስከ መቼ ልያዘው?»

«እኛማ ስምንት ወር ይዘነዋል።»

ኃላፊው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ብዕር ጠየቁ፤ ጋሽ ፍሬን ቅጹን ኮፈኑ ላይ ዘረጋላቸው። የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ተጀመረ። ሰብሳቢው ቧንቧ ደግፈው ቆሙ፤ የሕግ ባለሙያው ገመድ ሲስቡ መዳፋቸው ተላጠ፤ ጋሽ ፍሬንና የፓምፑ ጠባቂ እስከ ብብታቸው ቅባት ነክረው ብሎን ሲያጠብቁ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ሲፈስ ቀድመው ጭንቅላታቸውን ከሥሩ የከተቱት ኃላፊው ናቸው። ጋሽ ፍሬን የእናትየዋን ጀሪካን ሞላና እቤታቸው ድረስ ተሸከመላቸው።

ኃላፊው በጭነት መኪናው ላይ፣ በጆንያ መሐል ተቀምጠው ሲመለሱ፣ ያን ጉድ ለባለቤቱ ወርውረው ፒክአፑን እንደሚያስመልሱ ሲምሉ መጡ። ሆኖም ከሕዝብ ጋር ሦስት ቀን ከርመው ፓምፕ በማስጠገናቸው ከበላይ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ደረሳቸው። በሳምንቱ ደግሞ የመንደሯ ሰዎች ጻፉ፦

«መኪናውን እንዳትመልሱብን እንለምናለን። በሚሠራ መኪና ሦስት ጊዜ መጥታችሁ ሦስት ጊዜ ሄዳችኋል። ከእኛ በታች ፓምፓቸው የቆመ አራት መንደሮች ስላሉ ተራ በተራ ይላክላቸው። ስታሠሩት ብዙ አትጠግኑት።»

ኃላፊው ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሰቡ። አራት መንደር አራት ምስጋና ነው። ጋሽ ፍሬን በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሙያ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠራ። እሱም ፒክአፑ በልዋጭ መሄዱ ቀርቶ ቧንቧ ጭኖ ከኋላ እንዲከተል ቃል ካስገባ በኋላ አንዲት መስመር ጻፈ፦

«ኃላፊዎችን ለማድረስ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ለመመለስ ግን ዋስትና አልሰጥም።»

ኮሚቴው እስከ ድርብ ሰረዟ ድረስ አንብቦ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው።