የጎፋው ጋሽ ሙሉሰው የእንግሊዝ ዘመድ

በየሰፈሩ ባሕር ማዶ ያለ ታላቅ ሰው ዘመዱ አድርጎ የሚኖር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ኳስ ተጫዋች ይይዛል፣ ሌላው ቡጢኛ፤ የያዘው ሰው ጉልበቱን ሲያመው አብሮ ያነክሳል። የጎፋው ክቡር ጋሽ ሙሉሰው፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ የያዙት ግን አንድሪው ዋይልስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። "የእኛ ሰው" ነው የሚሉት።

መከራውን የሚያየው ባለሱቁ ከድር ነው። ጋሽ ሙሉሰው ለአንድ ሳሙና መጥተው ጀንበር ያስገባሉ። ከረሜላውን ባንኮኒው ላይ አምስት በአምስት ይደረድሩና፣ ያንኑ አፍርሰው አንድ አራት በአራት፣ አንድ ሦስት በሦስት ያደርጉታል። የተረፈ የለ፣ የጎደለ የለ።

"ወደ ላይ ቆልለህ ኩብ ካደረግኸው ግን ለሁለት ኩብ አይከፈልልህም። የሱቅህን ከረሜላ ብትጨርስ አይሆንም።"

ይህን፣ ከኩብ በላይ ያለውንም ሁሉ ጨምሮ፣ አንድ ፈረንሳዊ ማረጋገጫው አለኝ፣ የመጽሐፉ ኅዳግ ጠበበኝ ብሎ ጽፎ ሞተ፤ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተቸገሩበት። የእኛ ሰው ገና ልጅ ሳለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። አድጎ፣ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ተደብቆ፣ ከሚስቱ በቀር ለማንም ሳይተነፍስ ሰባት ዓመት ለፋበት። የጋሽ ሙሉሰው ባለቤት እትዬ ውብነሽ ወሬው እዚህ ሲደርስ፣ ዘመድህ ከሆነ ምነው ዝምታውን ባወረሰህ ይሏቸዋል።

ሰኔ 1985 ላይ ሬዲዮው ተፈታ አለ። ጋሽ ሙሉሰው ለሰፈሩ ሁሉ ከረሜላ አደሉ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ማረጋገጫው መሐል ክፍተት ተገኘ ተባለ።

"ጋሽዬ፣ ዘመድዎ ፈተና ወደቁ አሉ" አለ ከድር ለጨዋታ።

ሳሙናቸውን ሳይዙ ወጡ። በዚያው ቀሩ።

ከድር መጀመሪያ ተገላገልኩ አለ። ትንሽ እንደቆየ ግን ምሽቱ አልገፋ አለው፤ ብርቱካን ቋጥሮ ሊጠይቃቸው ሄደ። እትዬ ውብነሽ በር ላይ፣ እሱስ ደህና ነው፣ የታመመው እንግሊዝ አገር ነው አሉት። ጋሽ ሙሉሰው ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከድር ብርቱካኑን ዘረጋላቸው።

"አላህ ያግዘው" አለ።

ብርቱካኑን ተቀበሉ። ሱቅ ግን አልመጡም። በጋው አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፤ ከድር እንግሊዝኛ የሚሰማ ደንበኛ ባገኘ ቁጥር፣ ያ ሰውዬ ምን ደረሰ እያለ ሲጠይቅ ከረመ። አንድም የሚያውቅ አላገኘ።

በጥቅምት አንድ አመሻሽ ጋሽ ሙሉሰው ካፖርታቸውን ደርበው ከተፍ አሉ። ሰላምታ የለ፣ ሳሙና የለ። ከረሜላውን ዘግነው አምስት በአምስት ይደረድሩ ጀመር።

"ጠገነው?" አለ ከድር ቀስ ብሎ።

"ጠገነው። ከቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖ።" ተማሪው የምትለዋን እንደ ድሮ መምህርነታቸው ረገጥ አድርገው አሏት።

ይህን ጊዜ የታክሲ ሾፌሩ ፈየራ ወሬውን ከደጅ እየሰማ ገባና ከድርድሩ አንድ ከረሜላ ሊያነሣ እጁን ሰደደ። ከድር እጁን ያዘው።

"እሱን አትንካ። ገና ለሁለት ይከፈላል።"

"ደግሞ ምን ሆናችኋል? ማነው የጠገነው?"

"የእኛ ሰው ነዋ" አለ ከድር፣ እንዴት ይህን የማያውቅ ሰው ጎፋ ውስጥ ይኖራል በሚል ዐይን እያየው።