ከግድግዳ የማይወርደው ልጄ

ትናንት ከምሳ በኋላ ወገቤን ላሳርፍ ጋደም ባልኩበት ያየሁት ሕልም ነው።

ልጄ አስናቀ ከውትድርና ከተሰናበተ አምስት ዓመቱ ነው፤ አሁን በኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። በሕልሜ ግን መልሰው ወስደውት ልፈልገው ወደ ጦር ካምፑ ሄድኩ። በሩ ላይ ጠመንጃዎች ዘብ ቆመዋል። ወታደሮቹ ደግሞ ከውስጥ ግድግዳ ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። የኔው ልጅ መሃል ላይ ዘይት ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

ልጄን አውርዱልኝ አልኩ።

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እናቴ» አለኝ አንዱ ጠመንጃ። «በፊርማ ነው የሚወጣው።»

«ስወልደው ማን ፈረመልኝ?» አልኩት።

ጠመንጃው ጓደኛውን ሊያማክር ዞር አለ። ወዲያው ካምፑ የኔ ቤት ሆኖ አረፈው። ልጄ ግን እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ሌቦች ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ በሰልፍ ገቡ። አንዱ ቆርቆሮ ይዟል፣ አንዱ ማጠፊያ። ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚያፈሰውን ደፈኑት፤ የተገነጠለውን መስኮት ገጠሙት። መጥረጊያ አንስቼ ላባርራቸው ስል የሌቦቹ አለቃ ቅር አለው።

«አይ እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ነው ቤቱን ክፍት አድርጎ ‹ጉድለት ያየ ያሟላ› ያለው። የኛንም ቤት ሲጠግን ነው የኖረው።»

እውነቱን ነው። አስናቀ የለፋበትን ፕሮግራም ሁሉ ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የፈለገ ይወስዳል፣ የቻለ ያርማል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። አፍሬ መጥረጊያውን ጣልኩና፣ እንግዲያው ልጄን አውርዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። እኛ ሌቦች ነን፣ እንጨምራለን እንጂ ካለበት አናነሳም አሉኝ።

ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ አንድ እግሩን ያዝኩ። ወለል ሲወለውል የነበረ አንድ ሻለቃ ሮጦ መጥቶ ሌላኛውን ያዘ።

«ገና ነው፣ ጉድለት አለበት» አለኝ።

«ጉድለቱን እኔ አውቀዋለሁ። ልቀቀው!»

ቆየት ብዬ ስነቃ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨምድጄ ይዣለሁ። አስናቀ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ያየኛል።

«ለቀቅኩት፣ እማ» አለኝ።

ምኑን ብዬ ብጠይቀው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ግንባር ላይ ዓይኑን ላጣው ጓደኛው ለመኳንንት ሲል፣ የአማርኛ ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቶ ኖሯል። ከጨረሰው ሰባት ወሩ ነው፤ ይህን ግን ሰው ስህተት ያገኝብኛል ብሎ ፈርቶ፣ ለማንም ሳይለቀው ይዞት ተቀምጧል። አልጋዬ ላይ ሆኜ በእንቅልፍ ልቤ «ጉድለቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ልቀቀው» ስል የተቆጣሁት እሱን መሰለው።

«አንቺ እንዲህ ካልሽ ብዬ ነው» አለኝ። «መኳንንት ደውሎልኛል። የመጀመሪያውን ገጽ እያዳመጠ ነው።»

ሕልም ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ተመስገን ብዬ ዘጋሁት።